አራቱን ኢ-ዋን በምን እንጠቅልላቸው?

አንድ ኢ-ዋን በሴኮንድ 2.048 ሜጋቢት ይሸከማል። ቅርንጫፉን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያገናኙት አራት ከሆኑ፣ በወረቀት ላይ ከ8 ሜጋቢት በላይ አለ። ማታ ባክአፕ ሲጀመር ግን አንዱ መስመር ጢም ብሎ ይሞላል፤ ሦስቱ ሥራ ፈትተው ያድራሉ። ራውተሩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ኦኤስፒኤፍ አራቱን እኩል ዋጋ ያላቸው መንገዶች አድርጎ ሲያቀርብለት፣ ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ የላኪና የተቀባይ አድራሻን አስልቶ መስመር ይመርጣል። አድራሻዎቹ እስካልተለወጡ መስመሩም አይለወጥም። ባክአፑ ከአንድ ሰርቨር ወደ አንድ ሰርቨር ስለሚሄድ ከአንድ ኢ-ዋን አያልፍም። ቀን ቀን፣ ብዙ ሠራተኛ በየፊናው ሲጠቀም፣ ያው ስሌት ጭነቱን በአራቱ ላይ ይበትነዋል።

ፓኬቶቹን በየተራ ማከፋፈልስ? ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። 1,500 ባይት ያለው ፓኬት ኢ-ዋን ላይ ለመውጣት 6 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 64 ባይቱ ሩብ ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ኋላ የተላከው በሌላ መስመር ቀድሞ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ደጋግሞ ሲዛባ ቲሲፒ ፓኬት የጠፋ ይመስለዋል፤ ያልጠፋውን እንደገና ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአርኤፍሲ 1990 የተደነገገው መልቲሊንክ ፒፒፒ ለዚህ መላ አለው። ፓኬቱን ይቆራርጣል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ራውተር በቁጥሩ መሠረት መልሶ ይገጣጥመዋል። አይፒ የሚያየው አንድ መስመር፣ አንድ አድራሻ ነው፤ ባክአፑም አራቱንም ይጠቀማል። ዋጋው የራውተሩ ፕሮሰሰር ድካምና በየቁራጩ ላይ የሚጨመር ጥቂት ባይት ነው። አሮጌ ራውተር ላይ ይህ ድካም ቀላል አይደለም።

መስመሮቹ ግን አቻ መሆን አለባቸው። ሦስቱ በፋይበር፣ አንዱ በሳተላይት ቢሆን፣ የሳተላይቱ ቁራጭ ሩብ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ እስከዚያ የሦስቱ ቁራጮች ማህደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁታል። እንዲህ ያለውን ባይጠቀልሉት ይሻላል። አራቱም በአንድ ኬብል ከመጡ ደግሞ ጥቅልሉ ፍጥነት እንጂ ዋስትና አይሰጥም፤ አንድ ቁፋሮ ሁሉንም ይበጥሳቸዋል።

ስለዚህ ትራፊኩ ከብዙ ተጠቃሚ የሚመጣ ትንንሽ ፍሰት ከሆነ በአድራሻ ማከፋፈሉን አልነካውም፤ ጥቂት ግዙፍ ፍሰት ካለና መስመሮቹ አቻ ከሆኑ መልቲሊንክን እመርጣለሁ።

ከመረጡት በኋላ የሚያስቸግረው የሞተው መስመር ሳይሆን የታመመው ነው። የሞተው ከጥቅልሉ ይወጣል፤ ሥራው በቀሩት ይቀጥላል። የታመመው ግን "አለሁ" እያለ ቁራጭ ይጥላል፤ አንድ ቁራጭ በጠፋ ቁጥር ሙሉው ፓኬት ይጠፋል። የእያንዳንዱን መስመር የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ብቻ እየጨመረ ከሄደ፣ እስኪጠገን ድረስ እሱን አውጥቶ በሦስቱ መሥራት ነው።