ተጨማሪ መረጃ፦ የሙዝ ቡቃያና የሰው ልጅ
ከእናቲቱ ሙዝ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ነቅሎ የሚተክል የሀብሩ ወይም የመርሳ ገበሬ ክሎን እያበዛ ነው፤ አዲሱ ተክል የእናቲቱ የዘር ግልባጭ ነውና። በእንስሳ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። በ1988 ዓ.ም. ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው ክሎን በግ ዶሊ ከ277 ሙከራ የተገኘች ብቸኛ ግልገል ናት። ይህን ኪሳራ በሰው ልጅ ላይ ማን ይደፍራል? ደግሞስ የአባቱ ግልባጭ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ልጁ ነው ወይስ ዘግይቶ የመጣ መንታው? ዩኔስኮ በ1990 ዓ.ም. ባጸደቀው መግለጫ የሰውን ልጅ በክሎን ማባዛት ከሰብአዊ ክብር ጋር ስለሚጻረር አይፈቀድም ብሏል፤ ትክክል ነው። የመካንነት ሐዘን ከባድ ቢሆንም መፍትሔው ክሎን ሳይሆን ሌላ ነው። ለምሳሌ በቤተ ሙከራ በሚደረግ ጽንስ የእናትና የአባት ዘር ይገናኛል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና በ2011 ዓ.ም. ጀምሯል፤ እንደ ወልድያ ካለ ሩቅ ከተማ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያስጉዛል።