የምግብ ቤት ኮከብ ቆጠራ

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ በቤተሰብ ግሩፓችን ላይ አንድ ሠንጠረዥ ለጠፈ። የዓለምን ትልልቅ ከተሞች በሚሼሊን ኮከብ ብዛት የሚደረድር ነው፤ ቶኪዮ ከላይ፣ ፓሪስ ከሥሯ። «ይኸው! ጃፓን ፈረንሳይን በሞያ በለጠቻት» ብሎ ጽፎበታል። እኔም «ኮከብ ቆጠራ ድሮም አላምንም» ብዬ መለስኩ። ከተሳሳቅን በኋላ ግን «የምርህን ነው? ለምን?» አለኝ። በስልክ ጽፌ ስለማልጨርሰው እዚህ አመጣሁት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚሼሊን ያው የጎማው ሚሼሊን ነው። በ1900 ወንድማማቾቹ አንድሬና ኤድዋር ሚሼሊን ለአሽከርካሪዎች አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው በነፃ አደሉ። ያኔ በመላው ፈረንሳይ የነበረው መኪና 3,000 እንኳ አይሞላም። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ ሰው የሚሄድበት ካገኘ ይነዳል፣ ከነዳ ጎማው ያልቃል፣ ካለቀ ይገዛል። ኮከብ የመጣው በ1926 ነው፤ ሁለትና ሦስት ኮከብ ደግሞ በ1931። ትርጉማቸውም የመንገደኛ ትርጉም ነው። አንድ ኮከብ በዓይነቱ ጥሩ የሆነ፣ ሁለት ኮከብ ከመንገድ ወጣ ብሎ መሄድ የሚያዋጣ፣ ሦስት ኮከብ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚነሱለት ማለት ነው። ኮከቡ ስለ አንድ ቤት የሚናገር እንጂ ከተማን ከከተማ ለማወዳደር የተሠራ አልነበረም።

እንደዚያም ሆኖ ሁላችንም እናወዳድራለን። ስናወዳድር ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ምን እያዩ ነው? የሚሼሊን ቀማሾች ማንነታቸውን ሳይናገሩ ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ለኮከብ የሚያዩት ሳህኑ ላይ ያለውን ነው፦ የግብዓቱን ጥራት፣ የአሠራሩን ብልኀት፣ የጣዕሙን መጣጣም፣ የሼፉን የራሱን አሻራ፣ በመጨረሻም ዛሬ የቀመሱት ነገ ሲመለሱ ያው መሆኑን። ወንበሩና መጋረጃው ለኮከብ አይቆጠርም።

የቶኪዮ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። በ2007 መጨረሻ የመጀመሪያው የቶኪዮ መጽሐፍ ሲወጣ 150 ምግብ ቤቶች ገቡበት፤ ኮከብ ያላገኘ አንድም አልነበረም። ስምንቱ ባለ ሦስት ኮከብ ሆኑ፤ ጠቅላላው ድምር የፓሪስን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ፓሪስ ውስጥ ባለ ሦስት ኮከብ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሰልፍ የቆመ የወጥ ቤት ሠራዊት ያለው ትልቅ ቤት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ግን አንድ ሰው ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ፣ ስምንት ወይም አሥር ሰው ፊቱ አስቀምጦ፣ ዕድሜ ልኩን ሱሺ ብቻ ወይም ቴምፑራ ብቻ ይሠራል። አንድን ነገር ብቻ ሲደጋግም የኖረ እጅ ደግሞ «ነገም ያው ነው?» የሚለውን ፈተና በቀላሉ ያልፋል። ጹታ የሚባለው ዘጠኝ መቀመጫ የነበረው የራመን ቤት እንኳ በ2016ቱ መጽሐፍ ኮከብ አግኝቷል። የአንድ ትልቅ ቤት ባለሙያ ለብዙ ትንንሽ ባንኮኒዎች ተከፋፍሎ ሲሠራ ኮከቡም አብሮ ይበዛል።

ኮከብ ሲቀንስም ሞያ ቀነሰ ማለት አይደለም። ጊንዛ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ስመ ጥሩ የሱሺ ቤት፣ ሱኪያባሺ ጂሮ፣ በ2019 ከዝርዝሩ ወጣ። ዓሣው ተበላሽቶ ሳይሆን ቦታ መያዝ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑ ስለቀረ ነው።

ሁለተኛ፦ የት ድረስ ሄዱ? የኒው ዮርክ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ2005 ሲወጣ 507 ቤቶች ይዞ ለ39ኙ ኮከብ ሰጠ። ሦስት ኮከብ ካገኙት አራት ቤቶች የሦስቱ ዋና ሼፎች ፈረንሳይ የተወለዱ ነበሩ። የዓለም ሕዝብ ድስቱን ይዞ የሰፈረባት ኒው ዮርክ ይህቺ ብቻ ናት ብሎ የሚያምን ካለ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ስደተኛ ወደሞላባት የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ኩዊንስ፣ አንድ ጊዜ ይሂድ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ዋሺንግተን ዲሲ ነው። መጽሐፉ እዚህ የገባው በ2016 ሲሆን ለ12 ቤቶች ኮከብ ሰጠ። ቀማሾቹ የሠሩት በዲሲ ክልል ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባቸውና የሚበላባቸው ሰፈሮች፣ ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። በጆርጂያ ጎዳና ወደ ሰሜን እየሄደ የሜሪላንድን ወሰን አንድ እርምጃ ያለፈ ቤት ሽሮው ምንም ቢጥም አይታይም። ይሁንና በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬደው፣ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ያለው ኢን አት ሊትል ዋሺንግተን ተካቶ ሁለት ኮከብ ተሰጠው። መስመሩ ሲፈለግ ይለጠጣል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ማን ጠራቸው? ዛሬ ብዙ አገርና ግዛት መጽሐፉ እንዲመጣለት ይከፍላል። የታይላንድ ቱሪዝም ባለሥልጣን ከፍሎ ባንኮክ በ2017 ገባች፤ የካሊፎርኒያ ቱሪዝም ድርጅት 600,000 ዶላር ከፍሎ በ2019 መላው ግዛት ተካተተ። ሚሼሊን ገንዘቡ ማን ኮከብ እንደሚያገኝ አይወስንም ይላል። ይሁን። የትኛው ከተማ እንደሚታይ ግን ይወስናል፤ ያልተጠራ ከተማ ሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል።

ታዲያ መጽሐፉ አይረባም? ይረባል። በ2016 ሲንጋፖር ውስጥ ሁለት የአገሩ ዶላር በሚሸጥ የዶሮ ሩዝ የሚታወቅ የመንገድ መደብ ኮከብ ሲያገኝ፣ ጥሩ ምግብ የግድ ነጭ ጨርቅ ላይ መቅረብ እንደሌለበት ለዓለም ተነገረ። እኔ ራሴ አዲስ ከተማ ስሄድ ከኮከቡ ይልቅ ቢብ ጉርማንድ የሚባለውን ዝርዝር ነው የምከፍተው፤ በልኩ ዋጋ ጥሩ የሚበላባቸውን ቤቶች የሚይዘውን። የከተማዋ ሰው ተራ ቀን የት እንደሚበላ ከዚያ ይበልጥ ይታወቃል። በዲሲው የመጀመሪያ የቢብ ዝርዝር ላይ ጆርጅታውን ያለው የእኛው የሐበሻ ምግብ ቤት «ዳስ» ነበረበት።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁለት። አዳምጦ ሲጨርስ «እሺ ገባኝ። ቅዳሜ የት እንብላ ታዲያ?» አለኝ።

«ወሰኑን ተሻግረን» አልኩት።