አንድ ቀን ለአንድ ደሴት

ክቡር አዘጋጅ፤

ከጋዜጣዎ አንባቢዎች አብዛኞቹ እንደ እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ባሕር ዳር ያልደረሰ ሰው በመካከላቸው ጥቂት ይመስለኛል። ነገር ግን ከደረስነው ውስጥ ስንቶቻችን ከባሕሩ ዳር ተነሥተን ወደ ባሕሩ ገብተናል? ሦስት ቀን በአዳራሽ እንቀመጣለን፤ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር ቡናችንን እንጠጣለን፤ በሩቅ የሚታየውን ጫካ የለበሰ ደሴት ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ውሎ አበላችንን ፈርመን ወደየወረዳችን እንመለሳለን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ደሴቶቹ 37 ያህል ሲሆኑ፣ ወደ 20 በሚጠጉት ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይገኛሉ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። እንዲህ ያለ ሀብት ከአንድ ትልቅ ከተማ አጠገብ፣ በቀን ደርሶ መልስ የሚደረስበት ሆኖ መገኘቱ በብዙ አገር የማይገኝ ዕድል ነው።

ለማያውቀው ሰው ቅርብ ቅርቦቹን ልጥቀስ። ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ስለ ሆነች በታንኳ እንኳ ትደረሳለች። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያስኬዱ ነው። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከደሴቶቹ ጋር አንድ አድርጎ ይጐበኘዋል። ዳጋ እስጢፋኖስና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን ራቅ ስለሚሉ፣ ወደ እነርሱ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለዚያ መስጠት አለበት። በዳጋ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ተጠብቆ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ወደ ሐይቁ የምንገባውም ብንሆን አገባባችን ትክክል አይደለም። ወደቡ ላይ እንደ ቆምን የምንጠይቀው «በአንድ ቀን ስንት ደሴት ታሳየናለህ?» ብለን ነው። ባለ ጀልባውም እንጀራው ነውና የጠየቅነውን ይሰጠናል፤ ክብራን፣ እንጦስ፣ ከዘጌ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ሲመለሱ የዓባይ መውጫና ጉማሬው፣ ከዚያ ለምሳ ከተማ። በየደሴቱ ሃያ ደቂቃ መቆም ነው እንግዲህ። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዞም ይሆናል። በሩጫ ያዩትን የሚያስታውስ ማን ነው? ማታ ሲጠየቅ ዘጌን ከእንጦስ የማይለይ ጐብኚ ብዙ ነው።

ጥፋቱ ጐብኚው ሳይጠቀም በመቅረቱ ብቻ ቢያበቃ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን ደሴቶቹንም ይጎዳል። ክብራን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈና በሥዕል ያጌጠ አራት ወንጌል ያለባት ደሴት ናት። ብራና ፀሐይና የላበ እጅ አይስማማውም። የቸኮለ እንግዳ ግን «ቶሎ ገልጣችሁ አሳዩን» ይላል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ጠባቂ እንግዳ ላለማስቀየም ሲል ይገልጣል። መነኮሳቱም ለጸሎትና ለሥራ የተወሰነ ሰዓት አላቸው፤ በየሃያው ደቂቃ ከበዓታቸው የሚጠሩ ከሆነ ገዳም መሆኑ ቀርቶ ኤግዚቢሽን መሆኑ ነው።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ምሳውን ከተማ የሚበላ ጐብኚ ለደሴቱ ከመግቢያ ክፍያ በቀር የሚተውለት የለም፤ የሚተወው የውኃ ፕላስቲክ ነው። የዘጌ ሰው በልማዱ አያርስም፤ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ሁለት ሰዓት የቆየ እንግዳ ቡናውን ይጠጣል፤ ጥሬ ቡናም ገዝቶ ይመለሳል። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራውን የነገደ ወይጦ ሰው ሥራውን ቆሞ ለማየት፣ አይቶም ዋጋ ለመክፈል ጊዜ ያገኛል። ሃያ ደቂቃ የቆመው ግን ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ከማንሣት በቀር ምን ያደርጋል? ሐይቁ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በእምቦጭ አረም ሲታመም የኖረ ነው፤ በዚያ ላይ የእኛን ቆሻሻ ልንጨምርበት አይገባም።

ይህን የምጽፈው ከመርጡለ ማርያም ሆኜ ስለ ሆነ፣ «አንተን ስለ ጣና ማን ጠየቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሁለቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው። በአባቶቻችን ትውፊት አስቀድሞ የኦሪት መሥዋዕት የተሠዋባቸው አራት ሥፍራዎች አክሱም ጽዮን፣ ተድባበ ማርያም፣ ጣና ቂርቆስና መርጡለ ማርያም ናቸው። በእኛም ደብር እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ጥርብ ድንጋዩና ሐረጉ ዛሬም ይታያል። በጉንደወይን በኩል ገብቶ የሚመጣው እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ግድግዳውን ፎቶግራፍ አንሥቶ «መሸብን» ብሎ ወደ ሞጣ ይመለሳል። ሁለተኛው ከካህናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህም ሰው ማን እንዳሠራው፣ እንዴት እንደ ፈረሰ፣ ምን እንደሚባልለት ሰምቶ ይሄዳል። ድንጋይ በራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሰው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የደሴቶቹም ነገር ከዚህ አይለይም።

የውጭውን ዓለም ብናይ፣ በደሴቶች ላይ የተሠራችው የኢጣልያ ከተማ ቬኒስ ጠዋት መጥቶ ማታ በሚመለስ ሰው ብዛት ስለ ተጨነቀች፣ ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀኖች ለውሎ በሚገባ ጐብኚ ላይ የ5 ዩሮ ክፍያ ጣለች። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ፣ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተፈጠረው ግጭት እንግዳውን አሳንሶታል፤ በዚህም የተጎዳው ባለ ጀልባውና የደሴቱ ሰው ነው። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚል አሳብ የለኝም። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እንሂድ፤ የውጭ አገር ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ። እንግዳው ሳይበዛ መልካም ልማድ ማስያዝ ከበዛ በኋላ ከመከልከል ይቀላል።

በበኩሌ የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ አንድ ቀን ለአንድ ደሴት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ስለሚያስቸግር በማለዳ መነሣት ይገባል።

2ኛ፤ ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ የገዳሙ ሥርዐት ነው። ከባለቤቱ ወይም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የሚሄድ ሰው ይህን ከተማ ሳለ ጠይቆ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ እንጦስን ወይም ናርጋን ይምረጥ። ወንዶቹ ወጥተው እኅቶቻችን በጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታቸው የሚጠብቁበት ጉዞ የጋራ ጉዞ አይባልም።

3ኛ፤ የመግቢያውን ክፍያ በደሴቱ ላይ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ የሚሸጥ ነገር ካለም ከዚያው መግዛት።

4ኛ፤ ተንሳፋፊ ሰደርያ በሌለው ወይም ከመጠን በላይ በጫነ ጀልባ አለመሳፈር። በዋጋ ስንከራከር ግማሽ ሰዓት የምናጠፋ ሰዎች ስለ ነፍሳችን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ አያሳፍርም።

5ኛ፤ ይዘነው የገባነውን ፕላስቲክ ይዘነው መውጣት።

6ኛ፤ የሚመለከተው ክፍል የጀልባውን ዋጋ፣ የየደሴቱን መግቢያና ሥርዐት በአማርኛም በውጭ ቋንቋም ጽፎ በወደቡ ላይ በሰሌዳ ቢለጥፍ፣ የአገሩም ሰው የውጭውም ሰው ከክርክር ይድናል።

በመጨረሻም ስብሰባና ሥልጠና ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ከሦስቱ ቀን ላይ ግማሽ ቀን ቀንሳችሁ ሠራተኛውን አንድ ደሴት አሳዩት። ስለ ቅርስ ጥበቃ በአዳራሽ የሚነገረውን ያህል፣ አንድ መነኵሴ በደሴቱ ላይ ቆመው የሚናገሩት ያስተምረዋል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላልና፣ ያላየውንና ያልናፈቀውን ሀብት ጠብቅ ብሎ ሠራተኛውን ማዘዝ ከንቱ ድካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመርጡለ ማርያም