የካት ፊፕስ ወንበርና የኦልድ ትራፎርድ ምሳ

የማን.ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ የሚል ሁሉ ራያን ጊግስ ስንት የሊግ ዋንጫ እንዳነሳ በቃሉ ይነግርዎታል። ካት ፊፕስ ማን እንደነበሩ ሲጠይቁት ግን አብዛኛው ዝም ነው።

እኚህ እናት ዩናይትድ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ባነሳበት በ1968 (እ.ኤ.አ.) ስልክ አገናኝ ሆነው ተቀጠሩ። በኋላም በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ተቀምጠው ከሰር ማት በዝቢ ጀምሮ አሰልጣኝ ሲመጣና ሲሄድ አይተዋል። ለተጫዋቾች ከየዓለሙ የሚጎርፈውን የደጋፊ ደብዳቤም ያስተናግዱ ነበር። አንድም ጎል አላገቡም። በታኅሣሥ 2024 በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን ለቀብራቸው ማንችስተር ካቴድራል ከተገኙት አንዱ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ነበር። አንድ ሠራተኛ በክለብ ውስጥ ያለው ዋጋ በደመወዙ ልክ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ለእንግዳ ተቀባይ ባልተሰበሰበ!

ነገሩ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። ክለቡ በ2024 ክረምት 250 ያህል የሥራ ቦታዎችን አጥፎ ነበር። ፊፕስ ከተቀበሩ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 2025 ደግሞ እስከ 200 የሚደርሱ ተጨማሪ ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ተነገረ። የኦልድ ትራፎርድ ሠራተኞች ነፃ ምሳም ቀረና በፍራፍሬ ተተካ። በካሪንግተን የልምምድ ማዕከል የተጫዋቾቹ ማዕድ እንደነበረ ሲቀጥል ለሌላው ሠራተኛ የተረፈው ሾርባና ዳቦ ነበር።

በእርግጥ የሰር ጂም ራትክሊፍ ወገንም መከራከሪያ አለው። ክለቡ እስከ 2024 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ከስሮ ነበር፤ የከሰረ ቤት ወጪ መቀነሱ ነውር አይደለም። ግን ማን ነው ያከሰረው? ከምሳው ይተርፋል የተባለው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በጥቅምት 2024 ኤሪክ ቴን ሃግና ረዳቶቹ ሲሰናበቱ ግን የወጣው ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ኮንትራቱን ያራዘመለት ማልያ አጣቢዋ አይደለችም። ያልተሳካለትን አጥቂ በውድ የገዛውም ሣር አጫጁ አይደለም። ጥፋቱ የላይኛው ፎቅ፣ ቅጣቱ የታችኛው!

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዩናይትድ ከቶተንሃም ጋር ለዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢልባኦ ሲሄድ፣ በወቅቱ አሰልጣኝ የነበረው ሩበን አሞሪም 30 የሚሆኑ የቡድኑ ሠራተኞች ቤተሰቦቻቸውን ይዘው እንዲገቡ የትኬቱን ሂሳብ ከኪሱ እንደሚከፍል ተሰማ። ዩናይትድ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ፖርቹጋላዊውም በጥር 2026 ተሰናበተ። በውጤቱ ብዙ ወቅሰነዋል፣ ደግሞም ይገባዋል። በዚህኛው ግን አልተሳሳተም።

ደመወዝ እኩል ይሁን ያለ የለም። ብሩኖ ፈርናንዴዝ የሚሠራውን ወጥ ቤት ያለችው ሴት አትሠራም፤ እሱም የእሷን አይሠራም። ማልያው ካልታጠበ፣ ሣሩ ካልታጨደ፣ በሩ ካልተከፈተ ግን ጨዋታ የለም። እኛ አገር አብሮ የሠራ አብሮ ይበላል። ባለ ብዙ ሚሊዮኑ ሥጋውን፣ ማልያ አጣቢዋ ሾርባዋን ለየብቻ ከበሉ፣ ያ ቤት ዋንጫ ቢያመጣ እንኳ «ዋንጫው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።