ፉከራችን የሆላንድ ሮክ ባንድ ውስጥ እንዴት ገባ?

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሰርግ ላይ አንድ አባት ተነስተው ሲፎክሩ ብዙዎቻችን «የድሮ ነገር» ብለን እንስቃለን። ይሄው «የድሮ ነገር» ግን ከአንድ የአውሮፓ ፐንክ ሮክ ባንድ ጋር አልበም ሰርቷል!

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ ነው። አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጀምሮ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን መጫወት ያዙ። ፎካሪ ምት አይጠብቅም፤ ድምፁን ይጎትታል፣ ድንገት ይቆርጣል፣ ይጮኻል። ጌታቸው ይህንኑ በትንፋሽ አደረጉት።

በ1979 ሆላንድ ውስጥ የተመሠረተው ዘ ኤክስ፣ በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዛቸው። ከዚያም አብረው በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባሉትን አልበሞች አወጡ።

እንዴት ተስማሙ? ጊታሮቹ አንድ አጭር ዜማ እየደጋገሙ ከስር ይይዛሉ፤ ሳክስፎኑ ከላይ ይፎክራል። ልክ ሰርግ ላይ ፎካሪው መሃል ሲገባ፣ ዙሪያውን ያለው ሰው በጭብጨባና በእልልታ እንደሚያጅበው ማለት ነው።

ተፅዕኖ ኮፒ ማድረግ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ፈረንጆቹ ጊታራቸውን አልጣሉም፤ ጌታቸውም ሮከር አልሆኑም። አንዱ ለሌላው ቦታ ለቀቀ፣ አለቀ።

ጌታቸው በ2016 አረፉ፤ ድምፃቸው ግን ተቀርጿል። የኛ ቀበሌ ፎካሪዎችስ? ስንቶቹ ሳይቀረጹ አለፉ?

በሚቀጥለው ሰርግ ከመሳቃችን በፊት አስፈቅደን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንቅረጻቸው። ነገ ጊታር ያነሳ የቡሬ ልጅ ይፈልገው ይሆናል።