ድንጋይም ይሸበሸባል



ባለፈው ሳምንት ስለ ጨረቃ ስንማር አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ዝናብ በሌለበት፣ ሰው በማይኖርበት ሥፍራ ሸንተረሩን ማን ሠራው?» ስትል ጠየቀች። ሌላው ደግሞ፣ «የእኛስ መሬት ይንቀሳቀሳል ወይ?» አለ። ቤቱን ጥሎ የመጣ ልጅ ይህን ቢጠይቅ አያስገርምም። ለሁለቱም መልሱ እነሆ።

ሸንተረር ከሚፈጠርባቸው መንገዶች ዋና ዋናዎቹ መጨመቅና መለጠጥ ናቸው።

መጨመቅ፦ ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሀል ግፉ። ተሸብሽቦ ይነሳል። ጨረቃ ላይ ጠቆር ብለው የሚታዩን ሥፍራዎች ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በፊት በቀለጠ አለት የተሞሉ ጎድጓዳዎች ናቸው። አለቱ ረግቶ በክብደቱ ሲሰምጥ ገጹ ተጨምቆ ተሸበሸበ። ሜርኩሪ የተባለችው ፕላኔት ደግሞ ውስጧ እየቀዘቀዘ ስለሄደ እንደ ደረቀ ሎሚ ኮማትራለች። ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር በ1974 እና በ1975 እ.ኤ.አ. ባነሳቻቸው ፎቶግራፎች በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝሙ ገደላማ ሸንተረሮች ታይተዋል።

መለጠጥ፦ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከበርበራ በሼክ በኩል ወደ ቡርዖ የተጓዘ ሰው ጠመዝማዛውን አቀበት ያስታውሳል። ያ የጎሊስ ተራራ የተሰነጠቀ መሬት ጠርዝ ነው። አፍሪካና ዐረብ ምድር በጥንት ጊዜ አንድ ነበሩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት መሬቱ መለጠጥ ጀመረ፤ መሀሉ ዝቅ አለ፣ ጠርዞቹ ከፍ ብለው ቀሩ። በኋላም ባሕር ገባበትና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሆነ። ከባሕሩ በታች፣ በስንጥቁ የሚወጣው የቀለጠ አለት እየረጋ ሌላ ረጅም ሸንተረር ሠርቷል፤ ሊቃውንት «የሳባ ሸንተረር» ይሉታል።

አዎን፣ መሬታችን ይንቀሳቀሳል። አልፎ አልፎም በድንገት ይሆናል፤ በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በአፋር፣ ዳባሁ አጠገብ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቋል። በአብዛኛው ግን ዝግ ያለ ነው። የባሕረ ሰላጤው ሁለት ዳርቻዎች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ጥፍራችሁ ከዚያ ይበልጥ ይፈጥናል። ስለዚህ ልጆች፣ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አትጡ።

የቤት ሥራ፦ እናንተ ከተወለዳችሁ ወዲህ በርበራ ከየመን ስንት ሴንቲ ሜትር ራቀች? የእናትና የአባታችሁንም ዕድሜ ጠይቃችሁ አስሉ።