ያረጀ የአይፖድ ስፒከር ዶክ መግዛት ያዋጣል?

ስፒከር ዶክ አይፖድ ወይም ስልክ አናቱ ላይ ሲሰካ ዘፈኑን የሚያጫውት፣ እግረ መንገዱንም ባትሪውን የሚሞላ ድምጽ ማጉያ ነው። ዕቃው የተስፋፋው አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 በሦስተኛው ትውልድ አይፖድ ላይ ባወጣው ሰፊ፣ ባለ 30 ፒን መሰኪያ ምክንያት ነው። በ2004 የቦዝ ሳውንድዶክ ወጣ። በ2006 አፕል ራሱ አይፖድ ሃይፋይ የተባለውን በ349 ዶላር አቀረበ፤ በ2007 ግን ከገበያ አነሳው። በዚያው ዓመት ደግሞ የባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ ዘፔሊን ተከተለ። በ2012 አይፎን 5 ላይትኒንግ የተባለውን ትንሽ መሰኪያ ይዞ ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ዶኮች መሰኪያቸው የማይገጥም ሆኖ ቀረ። አይፖድም በ2022 ተቋረጠ።

ዕቃዎቹ ግን አልጠፉም። በአሜሪካ፣ ዴንቨርንና ኦሮራን አቋርጦ በሚያልፈው ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ዶክ በጋራዥ ሽያጭ ወይም ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር በጥቂት ዶላር ሊገኝ ይችላል። ገዢው አንዳንዴ ለራሱ ሳሎን፣ አንዳንዴ አገር ቤት ላሉ እናትና አባቱ ያስባል። ሁለቱ ዓላማዎች የሚጠይቁት ነገር የተለያየ ነው።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የዶኩ አናት ሳይሆን ጀርባው ነው። ባለ 30 ፒኑ መሰኪያ በአይፖዱ ውስጥ ወደ አናሎግ የተቀየረውን ድምጽ በቀጥታ ያወጣል፤ ዶኩ የሚሠራው ማጉላት ብቻ ነው። ላይትኒንግ ግን የሚያወጣው ዲጂታል ምልክት ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚያዛውር አስማሚ በውስጡ ድምጽ የሚቀይር ቺፕ ካልያዘ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ዘፈን አያሰማም። ብዙ ሰው ርካሽ አስማሚ ገዝቶ «ዶኩ ተበላሽቷል» የሚለው እዚህ ላይ ነው። በጀርባው አክስ የሚባለው ክብ ቀዳዳ ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ማንኛውም ስልክ፣ ኮምፒውተር ወይም አሮጌ ካሴት ማጫወቻ በአንድ ገመድ ይገናኛል። ከ2016 መገባደጃ ወዲህ የወጡት አይፎኖች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው ትንሽ ማገናኛ መጨመር ግድ ነው። የመጀመሪያው ሳውንድዶክ አክስ የለውም፤ ሁለተኛው ሲሪስና ተንቀሳቃሹ ግን አላቸው። በ30 ፒኑ ላይ የሚሰካ የብሉቱዝ መቀበያም አለ። ሆኖም የመጀመሪያው ሳውንድዶክ ለአይፖድ የሚሰጠው ኃይል 12 ቮልት ስለሆነ፣ በ5 ቮልት እንዲሠራ የተዘጋጀ መቀበያ እዚያ ላይ ኃይል ላያገኝ ይችላል።

በድምጽ ጥራት በኩል ዶክ ወሰን አለው። ሁለቱ ስፒከሮች በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ የግራና የቀኙ ድምጽ ተለያይቶ አይሰማም። ለአብዛኛው የቆየ የአማርኛ ሙዚቃ ግን ይህ ትልቅ ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 በተመሠረተው አምሃ ሪከርድስና በዘመነኞቹ በሸክላ የወጡትም ሆኑ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ የኖሩት ዘፈኖች ጉልበታቸው ያለው በዘፋኙ ድምጽ፣ በክራሩና በሳክስፎኑ ላይ ነው፤ ደህና ዶክ እነዚህን አጥርቶ ያወጣል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለቤዝ ነው። ትንንሾቹ ሳጥኖች ትልቅ ለመምሰል ቤዙን ስለሚያገንኑት የመዝሙር ከበሮ በአፓርታማ ግድግዳና ወለል አልፎ ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። ዶኩ ከወለል ላይ ተነስቶ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ቤዙ ይረጋጋል።

አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ወሳኙ በዶኩ የኃይል አስማሚ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይጠቀማሉ። «100–240» የሚል ከተጻፈበት የሚያስፈልገው የሶኬት ጫፍ መቀየሪያ ብቻ ነው። «120» ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ይህን ሳያዩ መላክ ለዘመድ የተቃጠለ ዕቃ መላክ ነው። ሰዓት ያለበት ዶክ ጊዜውን የሚቆጥረው በኤሌክትሪኩ ኸርዝ ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመር እንኳ ቢኖረው በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት በባትሪ የሚሠራው ተመራጭ ይመስላል፤ ግን ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አይዝም፤ መቀየሪያውንም ማግኘት ቀላል አይደለም።

አንድ ሁኔታ ግን ለብቻው ይታያል። በመሳቢያ ውስጥ አሁንም የሚሠራ አይፖድ ያለው ሰው፣ በተለይ ከቤተሰብ ካሴቶች የተገለበጡና በኢንተርኔት የማይገኙ ዘፈኖች፣ መዝሙሮች ወይም የሠርግ ቅጂዎች ከያዘ፣ ለእሱ ዶክ ከማንም ይልቅ ይጠቅመዋል። ከዚያ በፊት ግን ዘፈኖቹን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጣቸው። የአይፖድ ክላሲክ ሃርድ ዲስክ ተሽከርካሪ ነው፤ አንድ ቀን ይቆማል፤ የሚጠፋውም ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

በጥቅሉ፣ ያገለገለ ዶክ አክስ ካለው፣ የኃይል አስማሚው አብሮት ካለና ድምጹ ከፍ ሲል ካልተንጫጫ በ10 ወይም በ20 ዶላር ቢገዛ አያስቆጭም። አክስ የሌለው ዶክ አይፖድ ለሌለው ሰው አይሆንም። ከ20 ዶላር በላይ ከተጠየቀ ግን አዲስ የብሉቱዝ ስፒከር መግዛት ይሻላል። ከመክፈል በፊት ስልክና የአክስ ገመድ ይዞ ሄዶ እዚያው ሰክቶ መስማት ያስፈልጋል።